ከፍተኛውን ነጥብ ተዉት፣ ዝቅተኛውን አሳድጉ
ለትርፍ ጊዜ ቀስተኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ የተሰበሰባችሁት መሠረታዊ ሥልጠናውን የጨረሳችሁ፣ ደጋን የገዛችሁ ወይም ከክለብ የተዋሳችሁ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የምትወረውሩ ሰዎች ናችሁ። ሥራ አላችሁ፣ ቤተሰብ አላችሁ፣ ለብሔራዊ ቡድን የምትዘጋጁ አይደላችሁም። የዛሬው ጉዳያችን እንዲህ ያለ ሰው ለራሱ ምን ዓይነት ግብ ቢያወጣ እንደሚበጀው ነው። የምለውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አብዛኛው ሰው ግቡን የሚተክለው ከፍተኛ ነጥቡ ላይ ነው፤ «በዚህ ዓመት 500 እገባለሁ» ይላል። እኔ ግን ግባችሁን መጥፎዎቹ ፍላጻዎቻችሁ ላይ ትከሉ እላለሁ። ለምን እንደምል በቁጥር ላሳያችሁ።

ብዙዎቻችሁ በአዳራሽ ውስጥ በ18 ሜትር ስለምትወረውሩ ከዚያው ልነሣ። የዒላማው ወረቀት ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ቀለበት 2 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ መሐል ያለው ባለ 10 ክብ ለሪከርቭ ደጋን (ጫፎቹ ወደ ፊት ለታጠፉት) ከዳር እስከ ዳር 4 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ ዙር ሦስት ፍላጻ፣ በ20 ዙር 60 ፍላጻ ይወረወራል፤ ሙሉው ነጥብ 600 ነው።

አንድ 480 ያመጣ ቀስተኛ እናስብ፤ በአማካይ በፍላጻ 8 ማለት ነው። የነጥብ ወረቀቱን ዘርግተን ብናየው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ 9 ጊዜ 10፣ 18 ጊዜ 9፣ 17 ጊዜ 8፣ 8 ጊዜ 7፣ 2 ጊዜ 6። ይኼ 54 ፍላጻ ነው፤ ድምሩ 456። የቀሩት ስድስት ፍላጻዎች 5፣ 5፣ 5፣ 4፣ 3 እና 2 ናቸው፤ ድምራቸው 24።

ይህ ሰው ወደ 500 ለመጠጋት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አሥራ ስምንቱን 9 በሙሉ ወደ 10 መለወጥ ነው። አንድም ሳይቀር ቢሳካለት 18 ነጥብ ይጨምርና 498 ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ስድስቱን መጥፎ ፍላጻዎች ወደ 7 ማምጣት ነው። ስድስት ጊዜ 7 ደግሞ 42 ነው፤ ከ24 ላይ የተጨመረው 18 ነው፤ ያው 498። ውጤቱ እኩል ነው፣ ልፋቱ ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው መንገድ 8 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ይገቡ የነበሩትን ፍላጻዎች ሁሉ 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንዲያስገባ ይጠይቀዋል፤ ይህ ዓመታት ይወስዳል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይደርስበትም። ሁለተኛው መንገድ አዲስ ችሎታ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እነዚያ ስድስቱ የዚሁ ሰው ተራ ፍላጻዎች እንዲሆኑ ብቻ ነው። 7 ማምጣት ያውቅበታል፤ በዚያው ቀን ስምንት ጊዜ አምጥቷል።

ስለዚህ ጥያቄው ስድስቱ ፍላጻዎች ምን ነካቸው የሚለው ነው።

አንዷን በቅርብ እንያት። የዙሩ ሦስተኛ ፍላጻ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 9 እና 9 ገብተዋል። ቀስተኛው ይገትራል፣ እጁ አገጩ ሥር ያርፋል፣ አውታሩ አፍንጫውንና አገጩን ይነካል። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነው። የማነጣጠሪያው ፒን የዒላማው መሐል፣ ቢጫው ላይ ይዋዥቃል። ክሊከሩ፣ ፍላጻው ልኩ ድረስ ሲገተር የሚጮኸው ትንሽ ብረት፣ አልጮኸም። ሦስት ሰከንድ፣ አምስት ሰከንድ ይሆናል። የጀርባው ጡንቻ መድከም ይጀምርና ሥራውን ክንድና ትከሻ ይረከባሉ፤ የፒኑ ውዝዋዜም ይብሳል። ሰባት ሰከንድ። «አሁን» ይልና አውታሩን ጎትቶ ይለቀዋል። ጣቶቹ ወደ ውጭ ይፈናጠራሉ፣ ደጋን የያዘው እጅ ቁልቁል ይወድቃል፣ ፍላጻዋ በቀኝ እጁ ለሚገትር ሰው ከታች ወደ ግራ ባለ 4 ውስጥ ትሰካለች። ሰውየው «አለቃቀቄ ተበላሸ» ይላል። አለቃቀቁ በርግጥ ተበላሽቷል፣ ጥፋቱ ግን ከሁለት ሰከንድ በፊት ተሠርቷል። አምስተኛው ሰከንድ ላይ ሳይለቅ መመለስ፣ መተንፈስና እንደገና መጀመር ነበረበት።

ገትሮ መመለስ በትርፍ ጊዜ ቀስተኞች ዘንድ በጣም የተናቀ ችሎታ ነው። ብዙ ሰው ደጋን ገትሮ ሳይወረውር ሲመልስ ሰው ያየኝ ይሆን ብሎ ያፍራል፤ ጊዜ አያልቅብኝም ወይ ብሎም ይፈራል። ጊዜውን እናስላ። በአዳራሽ ውድድር ለሦስት ፍላጻ 120 ሰከንድ ተሰጠን እንበል። ፍላጻ ከመያዝ እስከ መልቀቅ አብዛኛው ሰው ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ይበቃዋል። ሦስቱ 75 ሰከንድ ቢወስዱ እንኳ 45 ሰከንድ ይተርፋል፤ አንድ ጊዜ በሰላም መመለስ፣ ማረፍና እንደገና መግተር ይቻላል። መብራቱ ወደ ቢጫ የሚለወጠው 30 ሰከንድ ሲቀር ነው፤ ቢጫ አየሁ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፣ በ30 ሰከንድ አንድ ፍላጻ በሥርዓቱ ይወረወራል። ይህን ግን በውድድር ቀን አትማሩትም። ቤታችሁ ወይም ክለባችሁ ስልካችሁን 120 ሰከንድ ላይ ሞልታችሁ፣ በየዙሩ አንዱን ፍላጻ ሆን ብላችሁ ገትራችሁ መልሱ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ብትለማመዱ ፍርሃቱ ይለቃችኋል።

የመጀመሪያ ግባችሁ እንግዲህ ይኼ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ «ክሊከሩ በአምስት ሰከንድ ካልጮኸ እመልሳለሁ፤ ያለ ክሊከር የምወረውር ከሆነ ፒኑ ቢጫው ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ ሲቆይ እመልሳለሁ።» ይህ ግብ ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ነው። ነፋስ አይወስደው፣ ሌላ ሰው አይነጥቃችሁ። አደረጋችሁት ወይስ አላደረጋችሁትም የሚለውም አያከራክርም።

ቀሪዎቹ መጥፎ ፍላጻዎች ከየት እንደሚመጡ ለማወቅ ልኬቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ መረዳት ይጠቅማል። ከዓይናችሁ እስከ ማነጣጠሪያው ፒን ያለው ርቀት ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። 18 ሜትር የዚህ 20 እጥፍ ነው። ስለዚህ ፒኑ በ1 ሚሊ ሜትር ከሄደ ፍላጻው ዒላማው ላይ በ2 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ አንድ ሙሉ ቀለበት ማለት ነው። በ70 ሜትር ያው 1 ሚሊ ሜትር ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል፤ የ122 ሴንቲ ሜትሩ ወረቀት ቀለበት ደግሞ 6.1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አገጫችሁ ሥር የሚያርፈው እጅም እንዲሁ ነው። እጁ በ1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ቢያርፍ በ18 ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ያስከፍላል። አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ብትገትሩ ጥርሳችሁን ገጥማችሁ ከምትገትሩት ጋር ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ስለሆነ «ዛሬ እጄ ተበላሸ» ከማለት በፊት ጥርሴ ተገጥሞ ነበር ወይ፣ አውታሩ አፍንጫዬን የነካው እዚያው ቦታ ላይ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ፍላጻዎቹ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወድቁበት ሰው ሁለት ነገር ይመርምር። የመጀመሪያው በመልቀቂያው ሰዓት ገትሮ የያዘውን ጥቂት ይለቅ እንደሆነ ነው። ሪከርቭ ደጋንን ለመግተር የሚያስፈልገው ጉልበት በእያንዳንዱ የተገተረ ኢንች ወደ 2 ፓውንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ከሸሻችሁ ሦስት አራተኛ ፓውንድ ግድም ጠፋ ማለት ነው፣ ፍላጻውም ይዘገይና ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ፍላጻው ዒላማውን ሳይመታ ደጋን የያዘውን እጅ ያወርድ እንደሆነ ነው። ወዴት እንደሄደ ለማየት ራስን ቀና ማድረግ ደግሞ ፍላጻዎቹን ይበትናቸዋል። ወደ ግራና ቀኝ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ የደጋኑን እጀታ ጨምድዶ መያዝ ነው፤ እጀታው አውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ላይ ተደግፎ ጣቶቹ ልል መሆን አለባቸው። ደጋኑ እንዳይወድቅ መፍራት ጣት ያስጨብጣል፤ መፍትሔው የእጅ አንጓ ወይም የጣት ማሰሪያ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጥ ይጠቅማል።

ማነጣጠሪያውን በአንዲት ፍላጻ ምክንያት ማንቀሳቀስ ደግሞ ቀንን ያበላሻል። አንዷ ፍላጻ ወደ ግራ ስለሄደች ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ትወስዱታላችሁ፤ ቀጣይዋ ጥሩ ሆና ሳለ ቀኝ ትወጣለች፤ ትመልሱታላችሁ፤ አንድ ሰዓት እንዲህ ያልፋል። ቢያንስ ሦስት ዙር፣ ዘጠኝ ፍላጻ ወርውሩና መጥፎ መሆናቸውን ያወቃችኋቸውን ትታችሁ የቀሩት የተሰበሰቡበትን መሐል ፈልጉ። መሐሉ ከቢጫው ውጭ ከሆነ ማነጣጠሪያውን ፍላጻዎቹ ወደ ሄዱበት አቅጣጫ አንቀሳቅሱ። የተሰበሰቡ ግን ከመሐል የራቁ ፍላጻዎች መልካም ዜና ናቸው፤ በአንድ ብሎን ዙር ይስተካከላሉ። የተበተኑት ግን በብሎን አይመለሱም።

አሁን ወደ ነጥብ መዋዠቅ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ከዚህ ስፖርት ተስፋ ቆርጦ የሚወጣው ይኼን ባለማወቁ ነውና። ያ 480 የሚያመጣው ቀስተኛችን፣ ምንም ሳይሻሻልና ምንም ሳይበላሽ፣ ሁልጊዜ 480 አያመጣም። የዚያ ወረቀት ፍላጻዎች ከአማካያቸው የሚርቁበትን መጠን ብታሰሉት ለአንድ ፍላጻ 1.7 ነጥብ ያህል ነው። ለ60 ፍላጻ ሲጠቃለል ወደ 13 ነጥብ ይሆናል። ይህ ማለት ከሦስት ቀን በሁለቱ ነጥቡ ከ467 እስከ 493 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ በሦስተኛው ቀን ከዚያ ውጭ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት 491፣ ዛሬ 470 ያመጣ ሰው ወደ ኋላ አልሄደም። ሁለቱም ነጥቦች የአንድ ችሎታ ነጥቦች ናቸው። 491 ያመጣ ቀን የራት ግብዣ፣ 470 ያመጣ ቀን የአዲስ ደጋን ግዢ መነሻ ሊሆኑ አይገባም።

መጥፎዎቹ ስድስት ፍላጻዎች ወደ 7 ቢመጡስ? አማካዩ ከፍ ማለቱ ብቻ አይደለም፣ መዋዠቁም ከ13 ወደ 8 ነጥብ ይወርዳል። ቀስተኛው ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስለዚህ እድገታችሁን ስትመዝኑ ከፍተኛውን ነጥብ ትታችሁ ባለፉት አምስት የተቆጠሩ ውድድሮች ያመጣችሁትን ዝቅተኛ ነጥብ ያዙ። «በሚቀጥሉት አራት ወራት የአምስቱ ዝቅተኛ ከ460 ወደ 475 ይምጣ» የሚለው ግብ «500 ልግባ» ከሚለው በብዙ ይሻላል። 500 በአንድ መልካም ቀን ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ያን ቀን ሲያሳድድ ይኖራል። ዝቅተኛው ከፍ ካለ ግን የእውነት አድጋችኋል።

ነጥብ የምትቆጥሩትም በየቀኑ አይሁን። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉውን 60 ፍላጻ ቁጠሩ፤ በቀሩት ቀናት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እርሱት። በልምምድ ቀን የምትይዙት ደብተር ሌላ ነገር ይቁጠር። አንድ ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ «ፍላጻው ዒላማውን እስኪመታ ደጋን የያዘው እጅ አይንቀሳቀስም»። ፍላጻውን ከለቀቃችሁ በኋላ ደጋኑን ከማውረዳችሁ በፊት ለራሳችሁ «አዎ» ወይም «አይ» በሉ፤ ዙሩ ሲያልቅ በደብተሩ ላይ ጭረት ወይም ባዶ አድርጉ። ፍርዱ ፍላጻው ካረፈበት ቦታ ጋር መያያዝ የለበትም። መሐል ገብቶ «አይ» የሚባል ፍላጻ አለ፤ 6 ላይ አርፎ «አዎ» የሚገባውም አለ። ከ30 ፍላጻ 18 «አዎ» ያለው ሰው በወሩ መጨረሻ 25 ቢደርስ ወሩ የተሳካ ነው። አንዱ ነገር ሳይጸና ወደ ሁለተኛው አትለፉ። አራት ነገር በአንድ ቀን የሚያስተካክል ሰው አንዱንም አያስተካክልም፤ ገትሮ ባለበት አምስት ሰከንድ ውስጥ አእምሮ በትክክል የሚከታተለው አንድ ነገር ነው።

የአንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ ለምሳሌ እንዲህ ሊከፈል ይችላል። አሥር ደቂቃ በላስቲክ ትከሻና ጀርባ ማሟቅ። ከዚያ ከ12 እስከ 18 ፍላጻ በ5 ሜትር፣ ወረቀት በሌለበት ባዶ ዒላማ ላይ፣ ስሜቱን ብቻ እየተከታተሉ። ከዚያ 40 ያህል ፍላጻ በ18 ሜትር በወሩ ጉዳይ ላይ። በመጨረሻ 20 ወይም 30 ፍላጻ በጊዜ ገደብ። በጠቅላላው ከ70 እስከ 90 ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ዙሮች ከመጀመሪያዎቹ በግልጽ ከተበተኑ ቀኑ እዚያ ላይ አልቋል፤ «በመልካም ፍላጻ ልጨርስ» እያሉ ሌላ ሃያ መወርወር ድካምን መለማመድ ነው። ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ደግሞ ያንኑ ደቂቃ አቁሙ። የጡንቻ ዝለትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይለያያሉ፤ ሁለተኛውን ችላ ያለ ሰው ወራት ያጣል።

ይህን ካነሣሁ ስለ ደጋን ጉልበት መናገር አለብኝ። የትርፍ ጊዜ ቀስተኛ ከሚያወጣቸው ግቦች ሁሉ ጎጂው «በዚህ ዓመት 40 ፓውንድ ልግተር» የሚለው ነው። ጀማሪ ጎልማሳ ከ18 እስከ 24 ፓውንድ ይበቃዋል። ለ18 ሜትር 28 ፓውንድ የሚይዝ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ከ26 በአንድ ጊዜ ወደ 34 የሚዘል ሰው የሚሆነው ይታወቃል፦ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ክሊከሩን ማለፍ ያቅተዋል፣ መመለስ ሌላ ጉልበት ስለሚጠይቅ መመለሱን ይተዋል፣ ፒኑ ቢጫውን ሲነካ በጥድፊያ ይለቃል። ሁለት ሁለት ፓውንድ ጨምሩ። ለመጨመር ዝግጁ መሆናችሁን የምታውቁት በአንድ ቀን 100 ፍላጻ ወርውራችሁ የመጨረሻው ዙር እንደ መጀመሪያው ሲሰበሰብ፣ ደግሞም ሙሉ ገትራችሁ 30 ሰከንድ ሳትንቀጠቀጡ ስትቆዩ ነው። ይህን የ30 ሰከንድ ሥራ ፍላጻ ሰክታችሁ፣ ወደ ዒላማ አነጣጥራችሁ፣ ከዒላማው ጥቂት ሜትር ላይ ቆማችሁ ብቻ አድርጉት፤ ፍላጻ የሌለበትን ደጋን መልቀቅ ክንፎቹን፣ ከእጀታው በላይና በታች የሚታጠፉትን ክፍሎች፣ ሊሰብር ይችላል።

በነጥብ ብቻ የሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ሌላ ክፉ ነገር አለ፤ የዒላማ ፍርሃት ይባላል። ፒኑ ከቢጫው በታች ቀይ ወይም ሰማያዊ ላይ ይቆምና ወደ ላይ አልወጣ ይላል፤ ወይም ቢጫውን ገና ሲነካ ጣት በራሷ ትለቃለች። የጉልበት ማነስ አይደለም። አእምሮ መሐሉን ማየትን ከመልቀቅ ጋር ስላቆራኘው ነው። ስለዚህ መፍታት ያለበት ቁርኝቱን ነው። ለጥቂት ሳምንታት ወረቀቱን አንሡና በ5 ሜትር ባዶ ዒላማ ላይ ወርውሩ። ከዚያ ወረቀቱን መልሱና ገትራችሁ ፒኑን መሐል ላይ አስቀምጡ፣ ሦስት ሰከንድ ያዙ፣ ሳትለቁ መልሱ። አሥር ጊዜ መልሳችሁ አንድ ጊዜ ወርውሩ። ቀጥሎ አምስት መልሳችሁ አንድ፣ ከዚያ ሁለት መልሳችሁ አንድ። ርቀቱን ከ5 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 18 ሜትር ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። በዚህ ጊዜ ነጥብ አይቆጠር። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል፤ ችላ ተብሎ የቆየ ፍርሃት ግን ጥሩ ጥሩ ቀስተኞችን ከስፖርቱ አስወጥቷል።

ርቀት መቼ ይጨመር ለሚለው የብሪታንያ ክለቦች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፤ 252 ይሉታል። በ122 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ 36 ፍላጻ ይወረወራል፤ ነጥቡ በቀለም ነው፤ ቢጫ 9፣ ቀይ 7፣ ሰማያዊ 5፣ ጥቁር 3፣ ነጭ 1። በሪከርቭ 252 ያገኘ፣ ማለትም በአማካይ ቀይ ውስጥ የገባ፣ ወደሚቀጥለው ርቀት ያልፋል። ከ20 ያርድ ይጀመራል፤ ከዚያ 30፣ 40 እያለ ይሄዳል። የዚህ ነገር ጥበቡ ሰው ሁልጊዜ ዒላማውን በሚመታበት ርቀት ላይ ማቆየቱ ነው። 70 ሜትር ላይ ቆሞ ግማሹን ፍላጻ ሣር ውስጥ የሚፈልግ ጀማሪ ምንም አይማርም፤ የጠፋው ፍላጻ ምን እንዳጠፋ አይነግረውም። ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ያለፋችሁበትን ርቀት አትልቀቁ የሚለውን እኔ እጨምርበታለሁ፤ ስለ መዋዠቅ የተናገርኩት እዚህም ይሠራልና።

ራስን ከሰው ጋር ስለማወዳደር ብዙ አልልም። ኮምፓውንድ (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ደጋን) የያዘው ጎረቤታችሁ ገትሮ ሲይዝ እጁ ላይ የሚቀረው ክብደት ጥቂት ነው፤ ማጉያ ሌንስና መልቀቂያ መሣሪያም አለው፤ ለዚህም ነው በአዳራሽ 10 የሚሰጠው 2 ሴንቲ ሜትር ክብ ብቻ የሆነው። ቤርቦ፣ ማለትም ባዶ ደጋን፣ የሚወረውረው ማነጣጠሪያም ስታቢላይዘርም (ደጋኑን የሚያረጋጋ ዘንግ) የለውም። የሦስታችሁን ነጥብ አንድ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

ከፍተኛውን ደረጃ ማወቅ ግን ልክን ለማወቅ ይጠቅማል። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ የወንዶች ፍጻሜ ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዉጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን እኩል ወጥተው በአንድ አንድ ፍላጻ ተለያዩ። ሁለቱም ከ70 ሜትር 10 አገቡ። ኪም ያሸነፈው ፍላጻው 4.9 ሚሊ ሜትር ለመሐሉ ስለቀረበ ነው። በዚያው ውድድር ይኸው ኪም በመጀመሪያው ግጥሚያ የገጠመው የቻዱን እስራኤል ማዳዬን ነበር። ማዳዬ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍላጻዎች 26 አግብቶ፣ በሁለተኛው ምድብ አንዷ ፍላጻው 1 ላይ አረፈች። በሦስተኛው ምድብ ተመልሶ 25 አገባ። ስለ እሱ ብዙ የተወራው ስለ አንዷ ነው፤ እናንተ ግን 26 እና 25 የሚሉትን ቁጥሮች ተመልከቱ፤ ከ70 ሜትር በአማካይ ከ8 በላይ ነው። አንድ ፍላጻ የአንድን ሰው ችሎታ አይናገርም፤ በኦሎምፒክ መድረክም ቢሆን።

ዕድሜ አለፈብኝ ለምትሉ ደግሞ፦ እንግሊዛዊቷ ኩዊኒ ኒዋል በ1908 ለንደን ላይ በ53 ዓመቷ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ጃፓናዊው ሂሮሺ ያማሞቶ በ1984 ሎስ አንጀለስ ነሐስ አግኝቶ፣ ቀጣዩን የግል ሜዳሊያ፣ ብሩን፣ ያገኘው በ2004 አቴንስ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አልተወውም። ይህ ስፖርት ጊዜ ይሰጣል። የአራት ወር ግብ ቢንሸራተት ስምንት ወር ይሁን።

የመጀመሪያ ውድድራችሁን የምታስቡ ሰዎች አላችሁ። የነጥብ ግብ ይዛችሁ አትሂዱ። ያን ቀን የምትማሩት ሌላ ብዙ ነገር አለ፦ የደጋን ፍተሻ፣ ከመቆጠሩ በፊት የሚሰጡት የመሞከሪያ ዙሮች፣ ፊሽካው፣ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ዒላማ መጋራት። ነጥብ ሲጠራ ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው፤ መስመር የነካ ፍላጻ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል፤ ተጽፎ እስኪያልቅ ፍላጻም ወረቀትም አይነካም። ከመነቀሉ በፊት ቀዳዳዎቹ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ፍላጻ ነጥሮ ቢመለስ የሚታወቀው በዚያ ነው። ለዚያ ቀን የሚበቃው ግብ «60ውንም ፍላጻ በራሴ ቅደም ተከተል እወረውራለሁ፣ መመለስ ያለብኝን እመልሳለሁ» የሚል ነው። በልብ ምት መጨመር አትደንግጡ፤ ፒኑ ከወትሮው በላይ ይዋዥቃል። ውዝዋዜውን ለማቆም መታገል ጡንቻን ያስጨንቃል፤ ቢጫው ውስጥ እስከሆነ ድረስ እየተዋዠቀ ይለቀቅ። ነጥባችሁ ከልምምድ በ20 ወይም በ30 ቢያንስ የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን አንድ ነገር ላንሣ፤ በሥራ፣ በወሊድ ወይም በሕመም ወራት ያቋረጠ ሰው ከየት ይጀምር? የድሮ ነጥቡን ይርሳ፤ የድሮ ደብተሩንም ለጊዜው አይክፈት። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ በፊት ከሚገትረው ከ4 እስከ 6 ፓውንድ የሚያንሱ ክንፎች ይዋስ። አውታሩን ይመርምር፤ ክሩ ከተነጫጨ ወይም ሰሙ ካለቀ ይለውጠው ወይም በሰም ይሸው። የፍላጻዎቹን ኖክ (አውታሩ ላይ የሚሰካውን የኋላ ጫፍ) አንድ በአንድ ጠምዝዞ ይይ፤ የተሰነጠቀ ኖክ ይጣላል። የካርቦን ፍላጻውን በጥንቃቄ ጎበጥ አድርጎ ስንጥቅ እንዳለው ያዳምጥ። የማነጣጠሪያውን ብሎኖች ያጥብቅ። ከዚያ በ5 ሜትር ባዶ ዒላማ 18 ፍላጻ፣ በ10 ሜትር ሌላ 18 ፍላጻ ይወርውር፤ በዚያ ቀን 36 ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹን አራት ልምምዶች በዚህ መጠን ይቆይና በአምስተኛው ወደ 18 ሜትር ይመለስ።